ለዩኒቨርሲቲ የምሥረታ በዓል በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ተመዝግቤያለሁ፤ በእንግዳ አቀባበል ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ፣ ዋናው ግቢ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለዩኒቨርሲቲው የምሥረታ በዓል በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ሲፈለጉ ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ሆነን ስማችንን ያስመዘገብን ሲሆን፣ እኔ የተመደብኩት ከየቦታው የሚመጡ የቀድሞ ምሩቃንን ተቀብሎ በሚመዘግበው ክፍል ነው። በዓሉ ሲቃረብ ገለጻ ይሰጠናል። እስከዚያ ግን ራሴን ማዘጋጀት ስለምፈልግ፣ በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ያስተናገዳችሁም ሆነ በእንግድነት የተገኛችሁ ሰዎች የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ከሚመጡት እንግዶች ብዙዎቹ በእናትና በአባቴ ዕድሜ ያሉ፣ እኔ ሳልወለድ ተምረው የወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ግቢውን የማውቀው አሁን ባለበት መልኩ ብቻ ነው። አንድ አባት ቀርበው እርሳቸው በነበሩበት ዘመን ስለነበረ ነገር ቢጠይቁኝ አፌን ይዤ እንዳልቀር እሰጋለሁ። ከዚህ ሌላ አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «የሚተርፍሽ ቲሸርትና ሰርተፊኬት ነው፤ ጊዜሽን ለፈተና ብታውይው ይሻልሻል» ይሉኛል። በሐሳባቸው አልስማማም፤ ሆኖም እናንተ ምን ትላላችሁ?

የግብርና ኮሌጅ ምሩቅ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። እኔ እዚያ የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር በከተማዋ ባልነበረበት ጊዜ ነው። የሐዋሳ ግብርና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ ሲጀምር በዲፕሎማ የሚያስመርቅ ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 በወንዶ ገነት የደን ትምህርት ተጀመረ። ዲላ ላይ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የተከፈተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ሦስቱ ተጣምረው እ.ኤ.አ. በ2000 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ስሙ ተለውጦ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ይህን ቅደም ተከተል ብቻ ብትይዢ ከሚቀርቡልሽ ጥያቄዎች አብዛኛውን ለመመለስ ትችያለሽ።

ቅደም ተከተሉን ማወቅ የሚጠቅመው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። የምሥረታው ዓመት ከ1976 ይቆጠራል ካልን እኔና ጓደኞቼ የበዓሉ ባለቤቶች ነን፤ ከ2000 ይቆጠራል ከተባለ ደግሞ ከበዓሉ በፊት የነበርን ሰዎች እንሆናለን። እኔ በበኩሌ የመጀመሪያውን አቆጣጠር እደግፋለሁ፤ ምክንያቱም መሬቱን፣ ቤተ ሙከራውንና የመጀመሪያዎቹን መምህራን ለዩኒቨርሲቲው ያወረሱት ኮሌጆቹ ናቸው። አንቺ በዚህ ጉዳይ ከእንግዳ ጋር መከራከር የለብሽም። ነገር ግን ጸጉሩ የሸበተ ሰው «ግብርና ኮሌጅ ነው የተማርኩት» ሲልሽ፣ «እሱ አሁን ከኮሌጆቻችን አንዱ ነው» ከማለት ይልቅ «እንግዲያው ከመጀመሪያዎቹ ነዎት፤ የስንት ዓመተ ምሕረት ምሩቅ ነዎት?» ብትይው ከዚያ በኋላ ወንበር እንኳ ባይደርሰው ቅር አይለውም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በዓሉ በዋናው ግቢ ቢሆንም የእኛ ዘመን ሰዎች ማየት የምንፈልገው ግብርናን ነው። የእርሻ ማሳውን፣ የወተት ላሞቹን በረት፣ የተኛንበትን ሕንፃ እንጠይቃለን። ወደዚያ የሚወስድ መኪና ይኑር አይኑር፣ ካለም በስንት ሰዓት እንደሚነሣ አስቀድመሽ ከአስተባባሪዎቹ ጠይቀሽ ያዢ።

ዲላ የተማርኩ፦

የወንድሜ አስተያየት ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው የእኛን ጉዳይ ነው። የተማርኩት ዲላ ነው፤ ዲግሪዬ ላይ የተጻፈው ግን ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዲላ እ.ኤ.አ. በ2006 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ስለወጣ፣ በእነዚያ ዓመታት የተመረቅን ሰዎች ወረቀታችን አንድ ቦታ፣ ትዝታችን ሌላ ቦታ ነው። ሐዋሳ ግቢ ውስጥ አንድም ቀን ተምሬ አላውቅም፤ ቢሆንም ዲግሪዬን የሰጠኝ ተቋም በዓሉን ሲያከብር መገኘት መብቴ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተቋም በዓል ላይ፣ በተመሳሳይ ምክንያት ስሟ በዝርዝሩ ውስጥ ያልተገኘ አብራኝ የነበረች ሴት ነበረች። የምዝገባው ልጅ በጣም ጨዋ ነበር፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ግን «እርስዎ የእኛ ምሩቅ አይደሉም» አላት። ሴትዮዋ ከሩቅ አገር የመጣች፣ ለዕለቱ ብላ የሐበሻ ቀሚስ ያሰፋች ነበረች። በኋላ አንድ ኃላፊ መጥቶ ቢያስገባትም ቀኑን ሙሉ ፊቷ አልፈታም። ስለዚህ እህቴ፣ ስሙ ያልተገኘ እንግዳ ሲያጋጥምሽ ይቅርታ ጠይቀሽ በባዶ ባጅ ላይ ስሙን በእጅሽ ጻፊለትና አስገቢው። ማጣራቱ በኋላ ይደርሳል።

የምዝገባ ሠራተኛ፦

እኔ በሥራዬ ምክንያት በስብሰባና በምረቃ ዝግጅቶች ላይ ከምዝገባ ጠረጴዛ ጀርባ ለረጅም ጊዜ የተቀመጥኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ስም ያልተገኘበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ስለሌለ እንዳልሆነ ልነግርሽ እወዳለሁ። ስሙ አለ፤ የተጻፈው በሌላ ፊደል ነው። ኃይሉ የሚባል ሰው ሀይሉ፣ ሃይሉ ወይም ኀይሉ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ዓለሙ በአልፋው አ፣ ሥዩም በእሳቱ ሰ፣ ጸሐይ በፀሐዩ ፀ ተጽፎ ይገኛል። ኮምፒውተር እነዚህን እንደ ተለያዩ ፊደላት ስለሚቆጥራቸው በፊደል ተራ ሲደረድራቸው አንዱን ሀይሉ ከመጀመሪያው ገጽ፣ ሌላውን ኃይሉ ብዙ ገጾች አልፎ ያስቀምጠዋል። የከተማችን ስም እንኳ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ እየተባለ ነው የኖረው። ሰልፉ እየረዘመ፣ እንግዳው ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ አንቺ ገጽ ስትገልጪ መደናገጥ ይመጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዝርዝሩን አስተባባሪዎቹ በሦስት መንገድ ያትሙት፤ በራስ ስም፣ በአባት ስምና በስልክ ቁጥር የመጨረሻ አኃዞች። ስሙ ሳይገኝ ሲቀር ስልኩን ጠይቂ፤ ስልክ ቁጥር የፊደል ልዩነት የለበትም። ከውጭ አገር የሚመጡት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ እዚያ የቤተሰብ ስም የሚባለው የአባት ወይም የአያት ስም ስለሆነ፣ በኢንተርኔት የተመዘገቡ እንግዶች በአያታቸው ስም ተደርድረው ይገኛሉ። ዓለሙ ከበደ ተሰማ የሚባለውን ሰው «ዐ» ሥር ስትፈልጊ እርሱ «ተ» ሥር ተቀምጧል።

ባጁን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ምክር አለኝ። ማዕረግ በትንሹ፣ ስም በትልቁ ይጻፍ፤ ከስሙ ሥር የትምህርት ክፍሉና የተመረቀበት ዓመት ይግባ። ለብዙ ዓመታት ያልተገናኙ የክፍል ጓደኞች በመልክ አይተዋወቁም። አንዱ የሌላውን ደረት አንብቦ «አንተ ነህ እንዴ!» ሲል ነው እቅፍ የሚጀመረው። ማዕረግን ስትጠሪ ግን ተጠንቀቂ፤ ፕሮፌሰሩን አቶ ማለት ያሳዝናል፣ የማያውቁትን ሰው ሁሉ ዶክተር ማለትም አይገባም። «ስምዎን ከነማዕረግዎ ይነግሩኛል?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦

በመልካም አቀባበል ላይ የተጻፈውን ሁሉ አከብራለሁ፤ ሆኖም ስለ ተማሪዋም አንድ ሰው መናገር ይኖርበታል። በሌላ ከተማ ባለ አንድ ተቋም በዓል ላይ ከንጋት ጀምሮ በር ላይ ቆመን ስናስተናግድ ውለን ምሳ የሚባል ነገር ሳይቀርብልን ቀርቷል፤ ካፌ ስንመለስ ደግሞ የተማሪ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ሰርተፊኬቱም እስካሁን አልተሰጠንም። በበጎ ፈቃድ መሥራት ማለት ማንም በፈለገው ሰዓት የሚያዘው ሰው መሆን ማለት አይደለም።

ስለዚህ ለእህቴ የምመክረው ገለጻው ላይ እንድትጠይቅ ነው። ፈረቃው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው? ምሳና ውሃ የሚቀርብልን የት ነው? ተጠሪያችን ማን ነው? በዓሉ ከሚድ ፈተና ጋር ከተጋጨ ለመምህራን ደብዳቤ የሚጽፍልን ማን ነው? እነዚህን መጠየቅ ስስት አይደለም። እንግዳን በፈገግታ የሚቀበለው ያረፈና የበላ ሰው ነው።

የግብርና ኮሌጅ ምሩቅ፦

ወንድሜ የተናገርከው እውነት ነው፤ ለበጎ ፈቃደኛ የማይጨነቅ አስተባባሪ ለእንግዳም አይጨነቅም። እኛ ባደግንበት ዘመን አገልግሎት በግዴታ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል የሚያደርግ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ነበረ። ከዚያ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታውጆ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር ገጠር ዘመተ። እኔም ኮሌጅ የገባሁት ከዚያ ተመልሼ ነው። ብዙ ተምሬበታለሁ፤ ግን ልሂድ አልሂድ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ይህች ልጅ ስሟን ያስመዘገበችው ወድዳ ስለሆነ፣ ፈቃዷ ሊከበርላት የሚገባው ለዚሁ ነው።

የሐዋሳ ልጅ፦

ተወልጄ ያደግኩት ታቦር ተራራ ሥር ነው። ስለ መንገድ ልንገርሽ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ባጃጅ ይዞ «ዩኒቨርሲቲ» ቢል ሹፌሩ መልሶ «የቱ?» ይለዋል፤ ምክንያቱም ዋናው ግቢ፣ ቴክኖሎጂ፣ ግብርናና ሪፈራል የሚባለው የሕክምና ኮሌጅ በከተማዋ የተለያየ ቦታ ላይ ያሉ ናቸው። ወንዶ ገነት ከከተማ ውጭ ነው፤ የአዋዳ ግቢ ይርጋለም ዘንድ፣ የዳዬ ግቢ ደግሞ በንሳ ነው። ስለዚህ ስልክ ለሚደውል እንግዳ «ዋናው ግቢ በሉት» በማለት ቁርጡን ንገሪው። ከግቢ ሲወጣም በኮንትራት እንዳይበዘበዝ እስከ ፒያሳ ወይም እስከ አሞራ ገደል ያለውን የተለመደ ታሪፍ ጠይቀሽ ብትይዢ መልካም ነው። አሞራ ገደልን ሁሉም ይጠይቃል፤ በተማሪነቱ እዚያ ሄዶ ዓሣ ያልበላ ምሩቅ የለም ለማለት ይቻላል።

ሌላው የቋንቋ ጉዳይ ነው። የምትኖሪው በሲዳማ ምድር ስለሆነ፣ ሲዳምኛ ባትችዪ እንኳ እንግዳን «ዳኤ ቡሹ» ብለሽ መቀበል ቢያንስ የአካባቢውን ሰው ያስደስታል። ከበጎ ፈቃደኞቹ መካከል ሲዳምኛና አፋን ኦሮሞ የሚናገሩት በየጠረጴዛው ተበትነው ቢመደቡ ከሁሉ ይሻላል፤ የምሩቃን ወላጆችና የአካባቢው ሽማግሌዎችም መምጣታቸው አይቀርም።

ነርስ፦

አጭር ነገር ልበል። በዕድሜ የገፉ እንግዶች ረጅም ንግግር እስኪያልቅ ከመቀመጣቸው በላይ ምግብ ይዘገይባቸዋል። ስኳር ያለበት ሰው ምሳው ሲዘገይ ላብ ላብ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነገሩ ይምታታበታል። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ለስላሳ ወይም ስኳር ያለው ሻይ ቶሎ ስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትጨምሩ፣ ወዲያውኑ የሕክምና ባለሙያ ጥሩ። የመጀመሪያ እርዳታ ድንኳኑ የት እንዳለ እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ሊያውቅ ይገባል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሪ 907 ነው። የግቢው የቀይ መስቀል ክበብ አባላት ሥልጠና ስላላቸው ከመካከላቸው አንዱ በምዝገባው በር አጠገብ ቢቆም ጥሩ ነው። ለአረጋውያን ወንበር የሚዘረጋውም ከሰልፉ መጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ይሁን።

መስተንግዶ የሠራች፦

እህቴ፣ ምናልባት ወደ ምሳው ክፍል እንድትረጂ ትላኪ ይሆናል። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ወይም ጾም ከገባ፣ የጾም ምግብ የሚጠይቀው ሰው ከተገመተው በላይ ይሆናል። የጾሙ፣ የፍስኩና የሙስሊሙ ጠረጴዛ በትልቅ ጽሑፍ ተለይቶ፣ በየመካከሉ በቂ ቦታ ተትቶ መቀመጥ አለበት። በጣም የምትጠነቀቂው ደግሞ ጭልፋ ላይ ነው። ቀይ ወጥ የነካ ጭልፋ ሽሮ ውስጥ ከገባ ጾመኛው ያንን ሽሮ አይቀምስም፤ የሙስሊሙ ጠረጴዛ ላይ የሌላው ሥጋ ጭልፋ ከደረሰ ደግሞ ምግቡ በሙሉ ለባለቤቶቹ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። በየድስቱ የየራሱ ጭልፋ እንዲኖር፣ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛም እንዳይዘዋወር አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቅ። እንግዳው ራሱ እንዲያነሣ ከመተው በጎ ፈቃደኛ ቢያወጣለት ይህ ሁሉ ችግር ይቀንሳል።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ የግብርና ኮሌጁ ምሩቅ አባቴ፣ እርስዎ የጻፉትን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ አትሜ በምዝገባ ክፍል ለተመደብነው ልጆች ሁሉ ሰጥቻለሁ። የፈረቃውን፣ የምሳውንና የፈተናውን ጥያቄ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በጽሑፍ ለአስተባባሪያችን አቅርበናል፤ በሁለት ፈረቃ እንድንሠራና ምሳ በየፈረቃው እንዲቀርብልን ተስማምተዋል። የመምህራኑ ደብዳቤ ገና ነው። ባዶ ባጆችና ማርከር በየጠረጴዛው እንዲቀመጡም ጠይቀናል።

ከጓደኞቼ ጋር የምንለያይበት አንድ ነገር ግን ቀርቷል። አስተባባሪያችን ጠረጴዛዎቹ በተመረቁበት ዓመት እንዲከፋፈሉ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ሰዎች ዓመታቸውን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገሩ ስለማላውቅ ሰልፉ እንዳይደበላለቅ እፈራለሁ። በስም ቢሆን አይሻልም?

የምዝገባ ሠራተኛ፦

ፍርሃትሽ ተገቢ ነው፤ ሆኖም እኔ ከአስተባባሪሽ ጋር እስማማለሁ። በስም ከተከፋፈለ አብረው የተማሩ ሰዎች በተለያየ ሰልፍ ስለሚቆሙ እርስ በርስ ሳይተያዩ ይገባሉ። በዓመት ሲሆን ግን ሰልፉ ራሱ መገናኛ ይሆናል፤ ስማቸውን እየፈለግሽ ሳለ ሰዎቹ ቀድመው ይተቃቀፋሉ።

የዓመቱን መደበላለቅ እንዲህ አስወግዱት። አንድ እንግዳ «የ93 ባች ነኝ» ቢልሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2001 በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ግን በ1985 ዓ.ም. ከግብርና ወይም ከወንዶ ገነት የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ በየጠረጴዛው ፊት የሚለጠፈው ወረቀት ሁለቱንም ዓመት ጎን ለጎን ይያዝ፤ ከሥሩም በዚያ ዓመት ተቋሙ ይጠራበት የነበረው ስም ይጻፍ። በሰልፉ ራስ ላይ ደግሞ ከእናንተ አንዷ ቆማ «በእኛ ነው በእነሱ?» እያለች ወደሚገባው ጠረጴዛ ትምራ። ለዚህ ቦታ የሚመረጠው ፈጣን ጸሐፊ ሳይሆን ድምፁ የሚሰማና ትዕግሥት ያለው ሰው ነው። ወረቀቶቹን ከዋዜማው በፊት አትማችሁ ጨርሱ፤ በዋዜማው ማተሚያ ቤቶቹ በባነርና በመጽሔት ሥራ ስለሚጨናነቁ ተራ አታገኙም።

የግብርና ኮሌጅ ምሩቅ፦

የእኔን ዓመት የያዘውን ጠረጴዛ ከዛፍ ጥላ ሥር አድርጉት፤ ቁጥራችን ጥቂት ቢሆንም ወሬያችን ረጅም ስለሆነ ቶሎ አንነሣም። እኔም ወንዶ ገነት የተማሩትን ጓደኞቼን ይዤ በጠዋት እደርሳለሁ፤ የዕለቱን ባጅ የምታድይኝ አንቺ ከሆንሽ ራስሽን አስተዋውቂኝ።